ክፉ ቀን የሚባለው ክፍል

ቤቱ ሲሠራ ፀሐይ የሚገባበት ክፍል የእሷ ነበር። ይህን ማንም አይክድም፤ ባሏም አይክድም። ግድግዳው ገና ሳይለሰን የመስኮቱን ጠርዝ ተደግፎ፣ «ይሄ የአንቺ የስፌት ክፍል ነው፤ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ እየሞቅሽ ትሰፊያለሽ» ያላት እሱ ራሱ ነው። እሷም የስፌት መኪናዋ የት እንደምትቆም፣ የመቁረጫው ጠረጴዛ በየት በኩል እንደሚሆን፣ ክር የሚሰቀልበት ምስማር እንኳ ስንት እንደሚሆን በሆዷ ወስና ጨርሳ ነበር። በገቡ በሦስተኛው ቀን ባልየው አንድ ጆንያ ዱቄት አሸክሞ መጣና እዚያው ክፍል አስወረደው።

«ይሄ ደግሞ ምንድነው?» አለችው።

«ለክፉ ቀን ነው። ለጊዜው እዚህ ይቀመጥ።»

ለጊዜው የተባለው ይኸው አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆነው።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሴትዮዋ የምትሰፋው ኮሪደር ላይ ነው። ኮሪደር ሲባል ሰፊ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ሳሎኑን ከኩሽናው የሚያገናኝ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ መተላለፊያ ነው። መኪናዋን አንዱ ግድግዳ ላይ አስጠግታ ስትቀመጥ ጀርባዋ ሌላውን ግድግዳ ይነካል። ወደ ኩሽና የሚያልፍ ሁሉ ወይ እግሯን ይሻገራል፣ ወይ ወንበሯን ይገፋል። ወንበሯ ሲገፋ ጨርቁ ይንሸራተታል፣ ጨርቁ ሲንሸራተት እጅጌው ይጣመማል። በዚህ ሰበብ ስንት እጅጌ ፈትታ መልሳ እንደሰፋች እሷና እግዜር ያውቃሉ። ብርሃንም የለም። በጠራራ ፀሐይ አምፖል አብርታ ትሰፋለች፤ ፀሐይዋ ደግሞ ከግድግዳው ወዲያ፣ በተቆለፈ ክፍል ውስጥ፣ ጆንያ ታሞቃለች።

ዝም አለች እንዳትሉ። ዝም የምትል ሴት አይደለችም። ሰፈሩ በግትርነቷ ያውቃታል፤ አንድ ጊዜ የውኃ ቆጣሪ አንባቢው የተሳሳተ ቁጥር ጻፈ ብላ ከበሩ ላይ ግማሽ ቀን አላስወጣችውም። በክፍሉ ነገር ግን የገጠማት ሰው ግትር አልነበረም፤ ግትር ቢሆን ትችለው ነበር። የገጠማት አርቆ አሳቢ ነው። ከአርቆ አሳቢ ጋር ደግሞ መጣላት አይቻልም። ሁልጊዜ ልክ እሱ ነው፤ ልክነቱ ግን የሚታየው ወደፊት ነው።

ባልየው የቀለም ፋብሪካ የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነበር። የሰፈሩ ሰው በስሙ ጠርቶት አያውቅም። እኩዮቹ «ንብረት ክፍል» ይሉታል፣ ታናናሾቹ «ጋሼ ንብረት ክፍል» ይሉታል፤ እሱም «አቤት» ይላል። ከእሱ እጅ አንድ ብሩሽ ለማውጣት ሰው ሦስት ቀን ይመላለሳል ይባላል። በአራተኛው ቀን ብሩሹን ሲሰጥም ልጁን እንደ ዳረ አባት ዓይኑ እንባ ያቀርራል ብለው ያሙታል።

እቤትም ያው ነው። አንዱ ጆንያ ሁለት ሆነ። ዱቄቱን ስኳር ተከተለው፣ ስኳሩን ሳሙና፣ ሳሙናውን ሻማ፣ ሻማውን ብርድ ልብስ፣ ከዚያ ባትሪ፣ ከዚያ አንድ ጀሪካን ላምባ። በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ መቼ እንደገባ የሚናገር ካርድ በክር ይንጠለጠላል። መቼ እንደወጣ የሚጻፍበትም ቦታ ካርዱ ላይ አለ፤ እስክሪብቶ ነክቶት ግን አያውቅም። በሩ ላይ መጀመሪያ አንድ ቁልፍ ነበር። ልጃቸው በአምስት ዓመቷ ሾልካ ገብታ ስኳር ስትልስ ተገኘችና ሁለት ሆነ። ሰፈር ውስጥ ሌባ ገባ የተባለ ጊዜ ሦስት ሆነ። የሦስቱም መክፈቻ በአንድ ገመድ ከባልየው አንገት ላይ ነው፤ ሲታጠብም አያወልቀው።

እንዲህ እንዲህ እያለ የክፍሉ ስም «ክፉ ቀን» ሆኖ ቀረ። እንግዳ መጥቶ «ቤታችሁ ስንት ክፍል ነው የኔ ቆንጆ?» ቢላት፣ ልጅቷ ገና ነፍስ ሳታውቅ፣ «ሁለት መኝታ ቤት፣ አንድ ሳሎን፣ አንድ ክፉ ቀን» ትል ነበር።

«ሳሙና አልቋል» ትላለች ሴትዮዋ።

«ሱቁ ተዘግቷል?»

«ኧረ ክፍት ነው።»

«ታዲያ ግዢያ።»

«ሁለት ካርቶን ሳሙና ጎኔ ተቀምጦ?»

«እሱ እኮ የክፉ ቀን ነው። ዛሬ ምን ክፉ አየሽ?»

«አንተን» ትለዋለች። እሱ ይስቃል። አርቆ አሳቢ ሰው ቶሎ አይቆጣም።

የተፈራው ቀን የመጣው ሐሙስ፣ በምሳ ሰዓት ነው። ንብረት ክፍል ለምሳ እቤቱ መጥቶ አያውቅምና በሩ ሲንኳኳ ሴትዮዋ ፊቱን ሳታይ ነገሩ ገባት። መጥቶ አንድ ፖስታ መኪናዋ ላይ አኖረላት። እሷ ፊደል የቆጠረችው ለአንድ ክረምት፣ በጎልማሶች ትምህርት ነው። ታነባለች ግን፤ ክር በመርፌ ቀዳዳ እንደምታስገባ ሰው ዓይኗን አጥብባ፣ አንድ በአንድ።

«ጥ…ሬ ዕቃ ባለ…መኖሩ… ሥራ… ለ…ጊዜው…» እዚያ ላይ ቆመች። «ለጊዜው ነው የሚለው?»

«አዎ፣ ለጊዜው!» አለ ፊቱ በራ ብሎ። «አየሽ? ዘጋን አላሉም። ለጊዜው ነው ያሉት።»

ሴትዮዋ ቀና ብላ ከጎኗ ያለውን በር አየችው። ለጊዜው ስንት ዓመት እንደሆነ በዚያ ቤት ውስጥ እሷን ያህል የሚያውቅ የለም።

«በል ክፈተው» አለችው።

«ምኑን?»

«ክፉ ቀንን ነዋ! ደመወዝህ ቆመ?»

«ቆመ።»

«ሌላ ገቢ አለህ?»

«የለኝም።»

«ታዲያ ክፉ ቀን ከዚህ ሌላ ቀንድ አለው እንዴ?»

ንብረት ክፍል ፖስታውን አንስቶ በጥንቃቄ አጠፈው። «ይሄ ክፉ ቀን አይደለም። ይሄ መሸጋገሪያ ነው።»

«ወደየት?»

«ምን?»

«ወደየት ነው የምንሸጋገረው? ወደ ክፉ ቀን?»

«አንቺ ሴት፣ ነገር አታጣሚብኝ» አለና እጁን ሊታጠብ ገባ።

መሸጋገሪያው በማግሥቱ ተጀመረ። ባልየው የቁጠባ መመሪያ ጽፎ ኩሽናው ግድግዳ ላይ ለጠፈ። ሻይ ያለ ስኳር እንዲጠጣ ሆነ። ሁለት ጆንያ ስኳር ከግድግዳው ማዶ ተቀምጦ እነሱ ከግድግዳው ወዲህ ፊታቸውን እያኮማተሩ መራራ ሻይ ይጠጣሉ። ሳሙና ከሱቅ በግማሽ በግማሽ እየተቆረጠ ይገዛ ጀመር። ሦስተኛው ትእዛዝ፣ አምፖል በቀን እንዳይበራ የሚል ነው። «ቀን ቀን ነው፤ ብርሃን ላይ ብርሃን ምን ያደርጋል?» አለ። ሴትዮዋ መመሪያውን ፊደል በፊደል አንብባ ስትጨርስ አምፖሉን አበራችና መስፋቷን ቀጠለች። እሱ መጥቶ አጠፋው። እሷ አበራችው። አራት ጊዜ ከተመላለሱ በኋላ፣ «ለሥራ ከሆነ ይፈቀዳል» ብሎ መመሪያው ሥር በእስክሪብቶ ጨመረበት።

የሚገርመው ደግሞ እሱ ሥራ አለመፍታቱ ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ሲሆን ታጥቦ፣ የፋብሪካውን ካኪ ጋውን ለብሶ፣ ሦስቱን ቁልፎች ከፍቶ ክፉ ቀን ውስጥ ይገባል። ከውስጥ ይቀረቅራል። ስድስት ሰዓት ላይ ለምሳ ይወጣል፣ ሰባት ሰዓት ላይ ይመለሳል፣ ማታ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቆላልፎ «ደህና ዋላችሁ?» ብሎ ሳሎን ይገባል። ከውስጥ አንዳንዴ የሚንኮሻኮሽ ነገር ይሰማል፣ አንዳንዴ ደግሞ ምንም አይሰማም።

«እማዬ፣ አባዬ ምንድነው የሚሠራው?» አለች ልጅቷ አንድ ቀን በሹክሹክታ። አሥራ ሰባት ዓመት ሞልቷታል፤ በአፏ እናቷን፣ በእግሯ ርዝመት አባቷን ወጥታለች።

«ክፉ ቀንን እየጠበቀ ነዋ።»

«እንዳያመልጥ?»

«እንዳይመጣ መሰለኝ።»

በዚያው ሳምንት የልጅቷ ጫማ ሶሉ ተገነጠለ። አባቷ ዘንድ ሄደች። ንብረት ክፍል ልጅቷ ከተወለደች ጀምሮ ጫማ በረከሰ ቁጥር እየገዛ ለክፉ ቀን እንደሚያስቀምጥላት ሁሉም ያውቃል።

«አባዬ፣ አንዷን ብቻ አውጣልኝ። ሌላውን አልነካም።»

ዓይኗን ሳያይ፣ «እስኪ ገብቼ ልየው» አላት። ገባ። ብዙ ቆየ። ሲወጣ እጁ ላይ ያለው ጫማ ሳይሆን የማስቲሽ ቆርቆሮ ነው። «ገና ነው» አለና በርከክ ብሎ የተገነጠለውን ሶል በማስቲሽ ለጠፈላት። ከዚያ በገመድ አስሮ፣ እስኪደርቅ ድረስ ሁለት እጁን አስደግፎ ተቀመጠ። ሴትዮዋ ከመኪናዋ ላይ ሆና ታየዋለች። ስስታም ሰው እንዲህ አይለፋም አለች በሆዷ። ግን ተናዳ ስለነበር ሐሳቡን አልገፋችበትም።

ሁለት ወር እንዲህ ሄደ። የሚበሉት ከመኪናዋ በሚወጣው ነው፤ የሰው ሱሪ እያሳጠረች፣ ዚፕ እየቀየረች፣ የትራስ ልብስ እየሰፋች። ይህንን ባልየው ገቢ ብሎ አይጠራውም፤ «ድጎማ» ነው የሚለው። እሷ ክፈተው ባለች ቁጥር መልሱ አንድ ሆነ።

«እየበላን አይደል?»

«እየበላን ነው።»

«እየተበላ ክፉ ቀን አለ?»

በሩን የቆለፈው ሰውየው ብቻ እንዳልሆነ ያን ጊዜ ገባት። እሷ በሰፋች ቁጥር ክፉ ቀን ይርቃል፣ ክፉ ቀን በራቀ ቁጥር በሩ ይጠብቃል። በገዛ እግሯ መኪናውን እየረገጠች በገዛ ክፍሏ ላይ ቁልፍ ትጨምራለች።

«ሥራ ባቆም በሦስት ቀን ይመጣልን ነበር» አለቻት ለልጅቷ።

«ኧረ እማዬ! በረሃብ ብንሞት ራሱ ‹ትንሽ እንታገሥ፣ የባሰም ሊመጣ ይችላል› ነው የሚለን።»

ዳቦ ቤቷ የመጣችው በዚህ መሐል ነው። ሰፈሩ «ዳቦ ቤቷ» የሚላት ሦስት ዳቦ ቤት ያላት፣ ድምፅዋ ከእሷ ቀድሞ የሚገባ ሴት ናት። የአንድ ሠራተኛዋን ሱሪ ጠርዝ አይታ፣ «ይሄን የሰፋች እጅ የማን ናት?» ብላ ጠያይቃ ነው የመጣችው። ከኋላዋ አንድ ሰው የነጭ ጨርቅ ጣቃ ተሸክሟል። ኮሪደሩ ውስጥ ሁለት እርምጃ እንደገባች ቅልጥሟ ከወንበሩ ጋር ተጋጨ።

«ወይኔ እግሬን! እዚህ ነው የምትሰፊው እህቴ?»

«እዚህ ነው።»

«የት ነው የምትቆርጪው ታዲያ?»

«አልጋ ላይ።»

«አልጋ ላይ!» ዳቦ ቤቷ ሳቋ መጣ። «የአርባ ሠራተኛ ሽርጥ ከነቆቡ፣ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ የዳቦ መሸፈኛውን ሳልጨምር። አልጋ ላይ ቆርጠሽ መቼ ልትጨርሺ ነው? ነጭ ጨርቅ ነው እኮ፣ ብርሃን ይፈልጋል፣ ቦታ ይፈልጋል።» ዞር ስትል ሦስት ቁልፍ የተንጠለጠለበትን በር አየች። «ያኛው ክፍልስ?»

«እሱ ክፉ ቀን ነው» አለች ልጅቷ ከኩሽና።

ዳቦ ቤቷ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሰው ሞቶበት ነው?»

«ኧረ የለም። ሰው ገና አልኖረበትም» አለች ሴትዮዋ።

ዳቦ ቤቷ ነገሩ ባይገባትም ጊዜ አልነበራትም። ጨርቁን አስወረደች። «ስሚኝ እህቴ፣ እጅሽን ወድጄዋለሁ። ሰኞ ጠዋት እመጣለሁ። ጠረጴዛ ዘርግተሽ፣ ብርሃን ላይ ስትቆርጪ ካገኘሁሽ ሥራው የአንቺ ነው። እዚሁ ኮሪደር ላይ ካገኘሁሽ ግን አትቀየሚኝ፣ ጨርቄን ይዤ ገበያው ጀርባ ካለው ልብስ ሰፊ ዘንድ እሄዳለሁ።»

ይህ ዓርብ ቀን ነው። ሴትዮዋ ጣቃውን እንደ ሕፃን አቅፋ አልጋዋ ላይ አስተኛችውና ባሏን ጠበቀች። ሥራው ትንሽ አይደለም። ሱሪ ማሳጠር አፍ ያርሳል እንጂ ቤት አያቆምም፤ ይሄ ቤት ያቆማል። ልጅቷንም ትምህርቷን ያስጨርሳታል።

ንብረት ክፍል ያን ቀን ጋውኑን አልለበሰም፤ ፋብሪካ ተጠርቶ ሄዶ ነበር። ሲመለስ ሁለተኛ ፖስታ ይዟል። ነገሩን ሁሉ ዘርዝራ እስክትጨርስ አዳመጣት።

«ሰኞማ አይሆንም» አለ። «እኔም የምነግርሽ ነገር አለኝ። ዛሬ አሰናበቱን።» ደብዳቤውን ዘረጋላት። አነበበችው። ለጊዜው የሚለው ቃል ጠፍቷል፤ በእሱ ቦታ «በቋሚነት» የሚል ተቀምጧል።

ሴትዮዋ ለባሏ አዘነች። ሃያ ስድስት ዓመት በአንድ ፋብሪካ ቀላል አይደለም። እጁን ያዝ አደረገችው። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «እንግዲህ መሸጋገሪያውም አለቀ። ክፈተውና ክፍሉን እናዘጋጅ» አለችው።

«መክፈት? አሁንማ መሙላት ነው እንጂ!» አለ፤ ዓይኑ ላይ አንዳች የተጣደፈ ነገር ይታያል። «ክፉ ቀን ደረሰ እኮ። የስንብት ክፍያውን ተቀብያለሁ። ጅምላ መደብር ገብቼ ከግማሽ በላዩን ከፈልኩበት፤ ዱቄት፣ ሩዝ፣ ስኳር፣ ሳሙና። እሑድ ጠዋት በጋሪ አመጣዋለሁ።»

«ከፈልክበት?»

«ለእናንተ ብዬ ነው! ክፍሉ ያልቻለው ኮሪደሩ ላይ ይደረደራል።»

«ኮሪደሩ ላይ እኔ አለሁ።»

«መኪናዋን ውጭ እናወጣታለን። ከውኃው በርሜል አጠገብ፣ ላስቲክ ደርበንባት…» ሊጨርስ አልቻለም፤ ሚስቱ እያየችው ነው።

ምንም አልተናገረችም። ቅዳሜንም ሙሉ ምንም አልተናገረችም። ንብረት ክፍል የዕቃ ነገር እንጂ የሰው ነገር ብዙ አይገባውምና ዝምታዋን እሺታ አድርጎ ወሰደው። የገባት ልጅቷ ናት፤ ቅዳሜ ማታ፣ «እማዬ፣ ነገ ጠዋት የትም አልሄድም፣ እሺ?» አለቻት።

እሑድ ጠዋት ባልየው አንገቱ ላይ ያለውን ገመድ ዳሰስ አድርጎ ወጣ። የውጭው በር ሲዘጋ ሴትዮዋ ከመኪናዋ መሳቢያ ውስጥ ካቻቢቴ አወጣች። ቁልፎቹን ዞር ብላ አላየቻቸውም። በዚያኛው የበሩ ጎን፣ ከላይ እስከ ታች፣ ሦስት ማጠፊያዎች አሉ። አርቆ አሳቢው ሰው ሦስት ቁልፍ ሲገዛ የበሩ ማጠፊያ በኮሪደሩ በኩል፣ ማለትም በሚስቱ በኩል መሆኑን ልብ አላለም። ብሎኖቹ ላይ የፋብሪካው ቀለም ተቀብቶባቸው ጠጥረዋል። በመቀሷ ጫፍ ፋቀቻቸው፣ ካቻቢቴውን አስገባች፣ ትከሻዋን ደግፋ አዞረች።

«እማዬ፣ ይሄ ሌብነት አይደለም?»

«ሌባ ቁልፍ ይሰብራል። እኔ ቁልፉን ነካሁት?»

«አልነካሽም።»

«እንግዲያው በሩን ደገፍ አድርጊ።»

የመጨረሻው ብሎን ሲወጣ በሩ ወደ እነሱ ዘንበል አለ። ቁልፎቹ የታሰሩባቸው ቀለበቶች ደግሞ ከመቃኑ ላይ እንደ ላላ ጥርስ ነቀል ነቀል እያሉ ወጡ፤ እንጨቱን ምስጥ ጨርሶታል። ፀሐይዋ ኮሪደሩን ሞላችው። ሴትዮዋ ዓይኗን በክንዷ ጋረደች። ኮሪደሩ ግድግዳ ላይ ስንጥቅ እንዳለ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ገና አሁን አየች።

ሽታው ተከተለ።

ሻማው አሥራ ዘጠኝ ዓመት ፀሐይ ሞቆ፣ ካርቶኑ ውስጥ አንድ ላይ ቀልጦ፣ እንደ ትልቅ አይብ ተቀምጧል። ስኳሩ ድንጋይ ሆኗል። ሳሙናው ደርቆ ጣት አክሏል። ሴትዮዋ የዱቄቱን ጆንያ አፍ ብትከፍተው ዱቄቱ ተንቀሳቀሰ። ብርድ ልብሱን ብታነሳው ብል በልቶት ወንፊት ሆኗል። ላምባው ተንኖ ጀሪካኑ ባዶ ነው፤ ካርዱ ግን «ሙሉ» ይላል። መደርደሪያው ላይ ጫማዎቹ በቁመታቸው ተሰልፈዋል፤ ከአውራ ጣት ብዙም ከማትበልጥ ነጭ ጫማ እስከ ቁጥር ሠላሳ ስድስት። ልጅቷ የምታደርገው ሠላሳ ዘጠኝ ነው።

ከሁሉም መሐል፣ መስኮቱ ሥር፣ አንድ ወንበርና አንድ ባዶ ጆንያ አለ። ሁለት ወር ሙሉ ሥራ የገባበት ቦታ ነው። ወንበሩ አጠገብ አዳዲስ ካርዶች በክር ታስረው ተቀምጠዋል፤ ልጅቷ አንሥታ አነበበቻቸው። «ዱቄት፣ አዲስ። ስኳር፣ አዲስ። ጫማ፣ ቁጥር ሠላሳ ዘጠኝ፣ አዲስ።»

«አባዬ ያውቅ ነበር» አለች።

ሴትዮዋ ወንበሩን አይታ ትንሽ ቆመች። ከዚያ እጅጌዋን ሰበሰበች። የተበላሸውን እየጎተቱ ጓሮ አወጡት፣ ወለሉን ጠረጉ፣ መስኮቱን ወለወሉት። ድንጋይ የሆነውን ስኳር ሁለት ጆንያ እዚህ፣ ሁለት የሳሙና ካርቶን እዚያ አቁመው፣ በሩን ከነሦስት ቁልፉ አጋድመው ጫኑበት። ሰፊ ጠረጴዛ ሆነ። ነጩን ጨርቅ ዘረጋችበትና በጠመኔ ማስመር ጀመረች።

ከበር ላይ ጋሪ ቆመ። ንብረት ክፍል «በቀስታ፣ በቀስታ» እያለ ገባና ኮሪደሩ ላይ ደርቆ ቀረ። መጀመሪያ እጁ የሄደው አንገቱ ላይ ወዳለው ገመድ ነው። መክፈቻዎቹ አሉ። ቁልፎቹንም አያቸው፤ እንደተቆለፉ ናቸው። በሩ ብቻ ነው ቦታው ላይ የሌለው።

«ማን ፈቀደልሽ?» አለ።

«አውቀህ ነበር?» አለችው ጠመኔዋን ሳታስቀምጥ።

መክፈቻዎቹን በመዳፉ ጨበጠ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ስኳሩ ከጠጠረ ጀምሮ…» ወንበሩ ወደነበረበት አየ። «እሷ ሦስተኛ ክፍል ሳለች።»

«ታዲያ ምነው? ምነው አንተ ሰው?»

ንብረት ክፍል ጓሮ የተከመረውን በመስኮቱ አሻግሮ አየ። «ለክፉ ቀን ያልኩት ነገር ባዶ ነው ከምላችሁ፣ ክፉ ቀን ገና አልመጣም ብላችሁ ይሻላል አልኩ። እስክተካው ድረስ… አንድ ጊዜ ደህና አድርጌ ብተካው ማንም አያውቅም አልኩ።»

ልጅቷ ዓይኗን አበሰች። ሴትዮዋ ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት ያዘጋጀችው ስድብ ሁሉ ለሌላ ሰው የተዘጋጀ ሆኖ ተገኘ። ግን ሰኞ ነገ ነው።

ጋሪ ነጂው አንገቱን ብቅ አደረገ። «እትዬ፣ የት ላውርደው?»

«ከየት ነው የጫንከው ወንድሜ?»

«ከጅምላ መደብሩ።»

«እዚያው አውርደው።»

«አይቀበልም!» አለ ንብረት ክፍል ነቃ ብሎ። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም ይላል፣ ደረሰኙ ላይ ተጽፏል።»

«አንተ ለአንድ ብሩሽ ሰው ሦስት ቀን ስታመላልስ የኖርክ ሰው አይደለህም? ሰው እንዴት እንደሚሰለች ታውቃለህ። ሂድና አሰልቸው። አንድ ዱቄት፣ አንድ ሩዝ፣ አንድ ስኳር፣ ሳሙና ደግሞ አሥር ፍሬ አስቀር፤ በሁለት ወር የምንጨርሰው ነው፤ ሲያልቅ ሌላ ይገባል። የቀረውን ገንዘቡን ካልሰጠህ ከሱቁ እንዳትነቃነቅ። ስትመለስ ለልጅቷ ጫማ ግዛ። ይዘሃት ሂድ፣ እግሯ ላይ ለክተህ ግዛ፣ አድርጋው ትምጣ።»

ጋሪ ነጂው ሳቁን በእጁ ሸፈነ። የሚቀሩትን ሦስት ጆንያዎችና ሳሙናውን አወረደ፣ ጋሪውን አዞረ። ልጅቷ በማስቲሽ የተለጠፈውን ጫማዋን እየጎተተች ቀድማ ወጣች። ንብረት ክፍል አልተከተለም፤ መቃኑ ዘንድ ቆሞ ክፍቱን በር፣ በር ቢኖር ኖሮ የሚቆምበትን ቦታ፣ ያያል።

«በሩን…» አለ። «በሩን መቼ ነው የምትመልሽው?»

«ብርሃኔን አትከልክለኝ» አለችውና መቀሷን ከነጩ ጨርቅ ጫፍ አስገባች።